እንቁላል ለ14 ሱቅ፦ የጉዞ ማቀጃ አፕ ፍለጋ ከሁዳዴ እስከ ፋሲካ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017

ከቢሾፍቱ የማመጣውን እንቁላል ሳሪስ ካለችው ትንሽ መጋዘኔ እየተነሳሁ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ለሱቆችና ለኬክ ቤቶች አደርሳለሁ። መኪናዬ የኋላ ወንበሮቿ የወለቁ አሮጌ ሚኒባስ ናት። አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ያወርዳል፣ ሒሳብ ይቀበላል። በፍስክ ወቅት ደንበኞቻችን ከ20 ይበልጣሉ። አሁን ሁዳዴ ስለሆነ 14 ቀርተዋል፤ ከነሱም ብዙዎቹ የወትሮውን እኩሌታ ነው የሚወስዱት።

ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ለመሞከር ጊዜ ይገኛል። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይውላል። በዚያ ሳምንት ሁሉም ሱቅ በአንድ ጊዜ «ዛሬውኑ አድርስልኝ» ይላል፤ ዶሮ ወጥ ያለ እንቁላል አይቀርብምና የዘገየ አከፋፋይ ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ባሉት 19 ቀናት ብዙ ማቆሚያ ያለውን ጉዞ የሚያቅድልኝ የስልክ አፕ መርጬ እጨርሳለሁ፤ ያየሁትንም ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። እንደኔ ዕቃ የሚያደርስ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ዛሬ የነዳሁት እንደወትሮው በለመድኩት ነው፤ ኋላ የማወዳድርበት ልኬት እንዲኖረኝ። ከንጋቱ 11፡30 ወጣሁ፣ 6፡10 ላይ ተመለስኩ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 63 ጨመረ። ያዳረስኳቸው ሳሪስ፣ ጎተራ፣ ወሎ ሰፈር፣ ቦሌ ሩዋንዳ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ገርጂ፣ ጃክሮስ፣ ሰሚት፣ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ ሃያ ሁለትና ካዛንቺስ ናቸው። ሲጻፍ የተስተካከለ ዙር ይመስላል። መንገድ ላይ ግን ሌላ ነው። ገርጂ ያለው ኬክ ቤት እንቁላሉን ከ1 ሰዓት በፊት ስለሚፈልግ ጎተራንና ወሎ ሰፈርን ካደረስኩ በኋላ ቦሌን ዘልዬ ወደ እሱ እሮጣለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ቦሌን እጨርሳለሁ፤ ከዚያ እንደገና ቀለበት መንገዱን ተሻግሬ ወደ ጃክሮስ። አንዱን መንገድ ሦስት ጊዜ ነው የምመላለስበት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ሁለት ማታ ሙሉ አፖቹን እያወረድኩ ስነካካ አመሸሁ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም እንደሚጠሩ ነው። አንዱ መንገድ መምራት ነው፦ «ወደ ገርጂ እሄዳለሁ» ስትሉት «ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚላችሁ። ሌላው ቅደም ተከተል ማውጣት ነው፦ 14ቱን ሱቆች ሰጥታችሁት ከየትኛው ተነስቶ በየትኛው መጨረስ እንደሚሻል የሚነግራችሁ። የከተማውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የጎደለኝ ሁለተኛው ነው።

ይህ ሁለተኛው ሥራ ቀላል እንዳልሆነ ቁጥሩን ሳሰላ አየሁት። 10 ማቆሚያ በ3,628,800 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊደረደር ይችላል። 14 ሲሆን ከ87 ቢሊዮን ያልፋል። ስለዚህ እነዚህ አፖች ሁሉንም አንድ በአንድ አይሞክሩም፤ ጥሩ ሊሆን የሚችለውን በስልት ይፈልጋሉ። ከዚህ የተረዳሁት፣ አፑ የሚያወጣው ዝርዝር ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ እንዳልሆነ ነው።

ያገኘኋቸው እነዚህ ናቸው። ጉግል ማፕስ ከመነሻው ሌላ እስከ 10 ቦታ ይቀበላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ራሳችሁ በጣት እየጎተታችሁ ነው የምታስተካክሉት። የመንገዱን መጨናነቅ በቀይና በቢጫ ማሳየቱ ትልቅ ሀብቱ ነው። ዌዝ ከመድረሻው በተጨማሪ አንድ ማቆሚያ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ለአንድ መንገደኛ እንጂ ለአከፋፋይ አልተሠራም። አፕል ማፕስ ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ እስከ 14 ማቆሚያ ይይዛል፤ የእኛ ስልኮች ግን አንድሮይድ ናቸው። ኦርጋኒክ ማፕስ የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረዳችሁለት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መሀል ላይ ማቆሚያም ይጨምራል፤ አያደራጅም። ሰርኪት በተለይ ለዕቃ አድራሾች የተሠራ ነው፤ ቅደም ተከተል ያወጣል፣ ለእያንዳንዱ ማቆሚያ የሰዓት ገደብ ይቀበላል፤ በነጻው እስከ 10 ማቆሚያ ነው። ኦስምአንድም በወረደ ካርታ ይሠራል፣ ማቆሚያዎችንም ራሱ ይደረድራል።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልበል። ለአድራሾች የተሠሩት አፖች ሙሉ አገልግሎታቸው በወር የሚከፈልበት ነው፤ ዋጋቸውም በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የያዝኩት የባንክ ካርድም ለውጭ ክፍያ የተከፈተ አይደለም። ከዚህም ሌላ የእኔ ሥራ እንደ ወሩ አይደለም። በሁዳዴ 55 ቀን ማቆሚያዎቼ ይቀንሳሉ፣ በበዓል ሰሞን ይበዛሉ። በየወሩ እኩል የሚከፈልበት ነገር ከጾምና ፍስክ ጋር ለሚወጣና ለሚወርድ ንግድ አይስማማም። ስለዚህ በነጻ ከሚሠሩት መካከል እንድመርጥ ለራሴ ወሰንኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

አፕ ለማወዳደር ቦታዎቹን ማስገባት ያስፈልጋል። ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የከበደው።

እነዚህ አፖች የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ባለበት አገር ቢሆን አድራሻውን ጽፎ መቀጠል ነበር። የእኔ ደንበኞች አድራሻ ግን «ከፋርማሲው አለፍ ብሎ ቢጫው በር» ነው። ጉርድ ሾላ ያሉትን እናት «አድራሻዎን እንዴት ብዬ ልጻፈው?» ብላቸው «ልጄ፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ጎን ነው በላቸው፤ ማንም ያውቀዋል» አሉኝ። የቆርቆሮ አጥሩ ከተነሳ ቆይቷል። ሰፈሩ ግን አሁንም በሱ ነው የሚጠራው፤ እኔም ስጽፍ «ቆርቆሮ አጥር» ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ረዳቴ የሚያውቀው በዚያ ስም ስለሆነ።

ለሁሉም በቴሌግራም «ሎኬሽን ላኩልኝ» አልኳቸው። ዘጠኙ ላኩ። ከዘጠኙ አራቱ ልክ አልነበሩም። አንዷ ከመኝታ ቤቷ ሆና ነው የላከችው፤ ቤቷ ኮተቤ ነው፣ ሱቋ መገናኛ። ሌላው ሕንጻ ውስጥ ሆኖ ስለላከ ነጥቡ ከሱቁ ማዶ ሌላ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ስልክ ከኮንክሪት ጣሪያ ሥር ሆኖ ሳተላይት ስለማያይ የሚያወጣው ግምት ነው።

ስለዚህ ዛሬ በየማቆሚያው ራሴ እየወረድኩ ያዝኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከጣሪያና ከዛፍ ጥላ ወጣ ብሎ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ መቆም፣ ሰማያዊው ነጥብ ዙሪያ ያለው ክብ እስኪጠብ ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገስ፣ ከዚያ ነጥቡን በሱቁ ስም ማስቀመጥ። ካርታው የነጥቡን ቦታ የሚገልጽባቸውን ሁለት ቁጥሮችም በደብተር ገለበጥኩ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ደብተር ይቀራል። ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ መጻፍ ይበቃል፤ አምስተኛው አሃዝ አንድ ሜትር ገደማ ነው። በሦስት አሃዝ ብትተዉት ግን ከመቶ ሜትር በላይ ሊያሳስት ይችላል። ለአዲስ አበባ መጀመሪያ የሚጻፈው ቁጥር 9 ምናምን፣ ቀጥሎ 38 ምናምን ነው። ረዳቴ አንዱን አገላብጦ ሲያስገባው ካርታው ከሰርዲኒያ በስተ ደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ጣለው። እንኳንም እንደዚያ ሆነ፤ ስሕተቱ ወዲያው ታየ። የሚያስፈራው ሁለት መቶ ሜትር ብቻ የሚያሳስተው ነው።

የካዛንቺሷን ስይዝ ልቤ ተነካ። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ሱቋ ከፈረሰ ወራት አልፈዋል፤ አሁን ያለችው ወደ ዑራኤል ጠጋ ብላ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ነው። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ግን የድሮዎቹን ጠባብ መንገዶች አሁንም ያሳያል፤ በነሱ በኩል ሂድም ይላል። ነጥቧን ከአዲሱ ቦታዋ ያዝኩ። አሮጌውን ነጥብ ደግሞ ወዲያው አጠፋሁት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከቆዩ አንድ ቀን በጥድፊያ የማይገባውን መንካት አይቀርም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ዛሬ ከሁሉ የበለጠ የተማርኩበት ቀን ነው፤ ቦታውም ሰሚት ኮንዶሚኒየም።

ደንበኛዬ ሱቅ ያለው ከብሎኩ ሥር፣ ወደ ውስጠኛው ሜዳ በሚያየው በኩል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ነጥቡን የያዝኩት በትክክል ከሱቁ በር ላይ ቆሜ ነው። ዛሬ አፑን ተከትዬ ስሄድ ከብሎኩ ጀርባ ባለው መንገድ አስገብቶ «ደርሰሃል» አለኝ። በግራዬ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የተሰጣ ልብስ፣ ከልብሱ ወዲያ የሱቁ የጀርባ ግድግዳ። ወደ በሩ ለመድረስ ዞሬ ዋናውን መግቢያ መያዝ ነበረብኝ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ከዚህ ተሸክሜ ልዙር?» አለ። በእጁ 30 እንቁላል የሚይዝ የካርቶን ትሪ አምስት ደርቧል። 150 እንቁላል ይዞ አጥር መዞር የማይታሰብ ነው፤ ተመለስን።

መኪናውን አቁሜ ካርታውን አጉልቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። አፑ መኪናን መንዳት የሚችለው በመንገድ መስመር ላይ ነው። ነጥባችሁ ከመንገድ ላይ ካልሆነ ለነጥቡ የሚቀርበውን የመንገድ መስመር ፈልጎ እዚያ ያደርሳችኋል። ከበሩ እስከ ጀርባው መንገድ ግድግዳውን ጥሶ ሲለካ 15 ሜትር ነው፤ እስከ ፊተኛው መንገድ ደግሞ 40 ሜትር። ለአፑ የሚቀርበው የጀርባው ነው። አጥሩንም ግድግዳውንም አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ የሱቁን በር ትቶ መኪናው ቆሞ የሚያወርድበትን ቦታ መያዝ። ነጥቡ መንገዱ ላይ፣ የኋላ በር በሚከፈትበት በኩል ይሁን። ዛሬ 14ቱንም እንደገና አስተካከልኩ። የአብዛኞቹ ከሱቁ ከ10 እስከ 30 ሜትር ተዛወረ። የሃያ ሁለቷን ሱቅ ነጥብ ሙሉ በሙሉ ወደ ጓሮ መንገዱ አመጣሁት፤ ዋናው መንገድ ላይ መቆም ስለማይቻል ሁልጊዜም የምናወርደው ከጓሮ ነው። በማስታወሻው ላይም «ከጓሮ፣ ደወል ደውል» ብዬ ጨመርኩ።

እስከ ዛሬ አፑን ነበር ስመርጥ የቆየሁት። ከዛሬ በኋላ የሚያስጨንቀኝ የነጥቦቹ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የእኔ ነው፤ አፕ ብቀይር ይዤው እሄዳለሁ። ስለዚህ ለምርጫው አንድ መስፈርት ጨመርኩ፦ ነጥቦቼን በፋይል አውጥቶ የማይሰጠኝ አፕ አይሆንም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

የዛሬው ጥፋት የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው እጽፈዋለሁ። የሰዓት ገደብ የሚቀበለውን አፕ ሳሰናዳ ለኬክ ቤቱ «ከ1፡00 በፊት» ብዬ አስገባሁ። እኛ 1 ሰዓት የምንለው ለስልኩ 7፡00 ነው። ስልኩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 1 ሰዓት ገምቶ ቀጠሮው ያለፈ ማቆሚያ አድርጎ ያዘው፣ ሌሎቹን ቀድሞ ደረደረ። ጎተራ ስደርስ ነው ያስተዋልኩት። ኬክ ቤቱ ጋ 1፡25 ደረስኩ። ጋጋሪው ምንም አላለኝም፤ ባዶውን መደባለቂያ አሳየኝና ዞሮ ገባ። ያ ከስድብ ይከብዳል።

ከእንግዲህ በአፕ ውስጥ የሚገባ ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ነው። ስድስት መደመር ነው፤ ሆኖም ከንጋቱ በ11 ሰዓት እንቅልፍ ሳይለቅ ስድስት መደመር ያሳስታል፤ ስለዚህ ማታውኑ አስገብቼ ነው የምተኛው። ለረዳቴም ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጠፍኩለት፦ 7 ሲል 1 ነው፣ 8 ሲል 2 ነው፣ እያለ እስከ 12። የመድረሻ ሰዓቱን አንብቦ ለደንበኛ የሚደውለው እሱ ነው።

ይኸው ሙከራ ግን ትልቅ ነገር አሳየኝ። ማታ ሰዓቱን አስተካክዬ እንደገና ሳስደረድረው (በነጻው 10 ብቻ ስለሚቀበል አራቱን ትቼ) ያወጣው ዙር ከለመድኩት የተገለበጠ ሆነ። ከሳሪስ አቦ ቀለበት መንገዱን ይዤ በቀጥታ ወደ ገርጂ እንድሄድ፣ ከዚያ ጃክሮስን፣ ሰሚትን፣ አያትን እንዳዳርስ፣ በመገናኛና በካዛንቺስ አድርጌ ቦሌንና ወሎ ሰፈርን መጨረሻ ላይ እንዳደርስ ነው የሚለው። ለካ እስከ ዛሬ የቅርቡን የማስቀድመው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። የቦሌ ሱቆች እኮ ከ2 ሰዓት በፊት አይከፍቱም! ጠዋት በራቸው ላይ ቆሜ ስልክ የምደውለው ለዚህ ነበር። ቅርብ ያለው በመመለሻም ቅርብ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

አጭር ማስታወሻ። ዛሬ ሆን ብዬ ዳታ አጥፍቼ ወጣሁ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው። ቅደም ተከተሉን በኢንተርኔት የሚያወጣ አፕ መንገድ ላይ ማቆሚያ ሲሰረዝ ወይም ሲጨመር እንደገና ማስላት አይችልም፤ በእኛ ሥራ ደግሞ «ዛሬ ይቅርብኝ» የሚል ደንበኛ በየቀኑ አለ። ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ምንም አልቀየራቸውም። የኦስምአንድ ነጻው ሰባት የካርታ ማውረድ ይፈቅዳል፤ እኔ የሚያስፈልገኝ የኢትዮጵያ አንዱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ኦስምአንድ ላይ 14ቱንም አስገብቼ አስደረደርኩ። ወዲያው ደረደረ። ከመንዳቴ በፊት ግን በወረቀት አየሁት፤ ጥሩ አደረግሁ።

ድርደራው ቦታዎቹ እርስ በርስ በአየር ምን ያህል እንደሚራራቁ እያየ ነው የሚሠራው። በቁራ መንገድ እንበለው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቁራ የሚያልፈውን ሁሉ መኪና አያልፈውም። ሁለት ትልልቅ አጥሮች አሉን። አንደኛው ቀለበት መንገዱ ነው፤ መሀሉ የተከለለ ስለሆነ ማዶ ያለችውን ሱቅ በዓይን እያየናት መሻገሪያው ድልድይ ድረስ ሄደን መዞር አለብን። ሁለተኛው በ2008 መባቻ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጉት ሐዲዶች በሚያልፉባቸው ጎዳናዎች ግራ መታጠፍ የሚቻለው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው።

በሲኤምሲ መንገድ ላይ የሆነውን በምሳሌ ላሳይ። ከሰሚት በፊጋ በኩል ወጥቼ ዋናውን መንገድ ስይዝ የምገባው ወደ አያት በሚወስደው በኩል ነው። የሲኤምሲዋ ደንበኛዬ ከሐዲዱ ማዶ፣ ወደ መገናኛ በሚመለሰው በኩል ናት። በአየር ሲለካ ከአያት ይልቅ እሷ ስለምትቀርብ ድርደራው እሷን አስቀድሞ አያትን አስከተለ። እንደዚያ ብነዳ መዞሪያ ፍለጋ ሄጄ እሷን አድርሼ፣ እንደገና ዞሬ አያት ሄጄ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ዞሬ ነው ወደ መገናኛ የምመለሰው። አያትን ካስቀደምኩ ግን አንዴ ዞሬ ስመለስ ሲኤምሲም፣ ጉርድ ሾላም በቀኝ እጄ ናቸው። የቦሌውን ልማዴን አፑ አርሞልኛል፤ የአያቱ ልማዴ ግን ትክክል ነበር።

ከዚህ ተነስቼ አሠራሩን ለወጥኩ። ማቆሚያዎቹን በአጥሮቹ ከፋፈልኳቸው። አንደኛው እጅ ከቀለበት መንገዱ ምሥራቅ ያሉት ገርጂ፣ ጃክሮስና ሰሚት። ሁለተኛው እጅ የባቡሩ መንገድ፦ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ። ሦስተኛው እጅ ከሃያ ሁለትና ከካዛንቺስ ጀምሮ ቦሌን ይዞ እስከ ሳሪስ ያሉት። የትኛው እጅ ይቅደም የሚለውን እኔ እወስናለሁ፤ ሐዲዱንና መሻገሪያዎቹን የማውቅ እኔ ነኝና። በአንዱ እጅ ውስጥ ማን ከማን ይቅደም የሚለውን አፑ ይደርድር፤ እዚያ የቁራ መንገድና የመኪና መንገድ ብዙም አይለያዩም። በሁለተኛው እጅ ብቻ የመንገዱን ግራና ቀኝ እያየሁ በእጄ አስተካክላለሁ።

በዚህ ነድቼ ቆጣሪው 54 ኪሎ ሜትር አለ። 5፡20 ላይ ቤት ነበርኩ። ኬክ ቤቱ ጋ 12፡20 ደርሼ ጋጋሪው ሻይ ጋበዘኝ።

ሌላም ያስደሰተኝ ነገር አለ። ኦስምአንድ ላይ አንድን መንገድ ካርታው ላይ ነክቶ «በዚህ አታሳልፈኝ» ማለት ይቻላል። ለግንባታ የተዘጉትን ሦስት መንገዶች እንደዚህ ዘጋኋቸው። በዚህ ዓመት በከተማችን ለሚነዳ ሰው ይህች አንዲት ነገር ብቻዋን ለምርጫ ትበቃለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ጸሎተ ሐሙስ። 23 ማቆሚያ፤ አንደኛው እጅ 6፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 9። መኪናዋ አንድ ጊዜ ሁሉንም ስለማትይዝ ከሁለተኛው እጅ በኋላ ሳሪስ ተመልሰን ጫንን። የየእጁ ቁጥር ከ10 ስለማይበልጥ አንድ እጅ ስንጨርስ ቀጣዩን በጉግል ማፕስ ከፍቼ የመንገዱን መጨናነቅ አየሁ። ካዛንቺስ አካባቢ ቀይ ስለነበር ሦስተኛውን እጅ ከጎተራ በኩል ጀመርኩ፤ እጁ ሳይነካ ከጫፉ ተገለበጠ ማለት ነው። ዘጠኙም በሰዓታቸው ደረሳቸው።

ሁለት አዳዲስ ደንበኞች መንገድ ላይ ደወሉ። ረዳቴ በቴሌግራም የላኩትን ሎኬሽን ተቀብሎ «ደጅ ወጥተው ነው የላኩት?» ብሎ ጠየቃቸው። ሳልነግረው ነው የጠየቀው። ኮራሁበት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቀዳም ሥዑር፣ የበዓሉ ዋዜማ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን 26 ማቆሚያ አዳረስን። ዛሬ የእህቴ ልጅ ሁለተኛ መኪና ከጎረቤት ተከራይቶ አንደኛውን እጅ ለብቻው ያዘ። የነጥቦቹን ዝርዝር ከእኔ ስልክ በጂፒኤክስ (የካርታ ነጥቦች በሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት) አውጥቼ በቴሌግራም ላክሁለት፤ እሱም ከፍቶ ወጣ። ገርጂን፣ ጃክሮስንና ሰሚትን ለብቻው አድርሶ አያውቅም። አንድም ጊዜ «የት ነው?» ብሎ አልደወለልኝም። የሰሚቱ ሱቅ ጋ በፊተኛው በር ነው የገባው።

8፡30 ላይ ሁለታችንም ሳሪስ ተገናኘን። የተሰበረው አራት እንቁላል ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ምርጫዬ ይኸው። ለየቀኑ ሥራ ኦስምአንድ፦ ነጥቦቼ እዚያ ተቀምጠዋል፣ ያለ ዳታ ይሠራል፣ ይደረድራል፣ የተዘጋ መንገድ ይቀበላል፣ ዝርዝሬንም በፋይል ይመልስልኛል። የየእጁን መጨናነቅ ለማየት ጉግል ማፕስ። የሰዓት ገደብ ያላቸው ደንበኞቼ ከሦስት ካለፉ ሰርኪትን በነጻው 10 እመለስበታለሁ፤ አሁን ግን የሰዓት ገደብ ያለው አንዱ ኬክ ቤት ብቻ ስለሆነ እሱን አስቀድሞ መጀመር ይበቃል። ብዙ ማቆሚያ በተለያየ ሰዓት ለሚያደርስ፣ ለምሳሌ ምሳ ለሚያመላልስ ሰው፣ ምርጫው የተለየ ሊሆን ይገባል፤ ለሱ የሰዓቱ ነገር ከሁሉ ይቀድማል።

አንድ ቀሪ ሥራ አለኝ። ኦስምአንድም ኦርጋኒክ ማፕስም ካርታቸውን የሚያመጡት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ ይህም በ2004 በፈረንጆቹ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል ካርታ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ ሄጄ የቀሩትንና የጠፉትን መንገዶች በእግሬ እየዞርኩ አየሁ። የፈረሱት ላይ «ይህ መንገድ አሁን የለም» የሚል ማስታወሻ አስቀመጥኩ፤ ደንበኛዬ ያለችበትን አዲሱን መግቢያ ግን ራሴ በመስመር ጨመርኩት። ስጨርስ ሱቋ ገብቼ ስልኬን አሳየኋት። ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደችና «ይሄ የኛ በር ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ለሐሙስ አምስት ትሪ አዘዘች።